የጋሽ ይመር ቤዝና የኔ ሞረድ

የሰው አማርኛ ማረም ደስ ይለኛል። ሌላው ሲጋራ ያጨሳል፣ ሌላው ካርታ ይጫወታል፤ እኔ አማርኛ አርማለሁ። ለዚህ ዓመል ደግሞ ከካርቱም የተሻለ አገር አይገኝም። ሐበሻ በሚበዛበት ዴም ሰፈር ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ወሬውን በአማርኛ ይጀምርና መሀል ላይ ዓረብኛ ተሳፍሮ ይሄዳል። ትናንት ከመተማ የገባውም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ «ያላ» እና «ኢንሻላህ» ካልጨመረበት የተናገረ አይመስለውም። እኔ በየሻይ ቤቱ ተቀምጬ «እንዲያ አይባልም፣ እንዲህ ነው የሚባለው» እላለሁ። እስካሁን ያመሰገነኝ የለም። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ መሀል ገብቼ የአንደኛውን ስድብ ባርምለት ወዲያው ታረቁና ሁለቱም እኔ ላይ ዞሩብኝ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ቤዝ ጊታር ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ቀን ቀን ሪያድ ሰፈር የሀብታም ግድግዳ እቀባለሁ። ሐሙስና አርብ ደግሞ በሐበሻ ሰርግ ላይ ቤዝ እጫወታለሁ። ቤዝ ማለት ሰርግ ላይ ማንም ልብ የማይለው፣ ሲቋረጥ ግን ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው ነገር ነው። ግድግዳም እንደዚያው ነው፤ ሲላጥ ነው የሚታየው። እንግዲህ ሁለቱም ሥራዎቼ ሰው ልብ ካላቸው የተበላሹ ናቸው ማለት ነው። እናቴ ስልክ ስትደውል «ምን ሆንክ፣ ተሳካልህ?» ትለኛለች። «ማንም አላየኝም» ብዬ ብመልስላት ስለማይገባት «እግዜር ይመስገን» እላታለሁ።

በዴም ሐበሻ ዘንድ ቤዝ ከተባለ ጋሽ ይመር ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ካርቱም የገቡት ፀጉራቸው ጥቁር ሳለ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መድረክ ትተው ቤዛቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሳራ የምትባል፤ በቀጣዩ ሐሙስ ልትዳር ነበር። ጋሽ ይመር ለሰፈሩ ሁሉ «ለልጄ አንዲት ነገር ብቻ ተጫውቼላት እወርዳለሁ» ብለው ተናግረው ነበር። ከዚያ ቤዙን ከግድግዳ ሲያወርዱት ክሩ ዝጎ ተገኘ። ዓይናቸው ክር አያስገባላቸውምና ሥራው ወደኔ ተላከ። እኔ የተሰማኝን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። ጋሽ ይመር መሣሪያቸውን ለሰው አያስነኩም ነበር።

ሳራ ቤዙን በጀርባዋ አዝላ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። አማርኛዋ እንደ ዴም መንገድ ነው፤ ደህና ሲሄድ ይቆይና ድንገት ጉድጓድ ይገባል።

«አባቴ እንዲህ ብሎሃል» አለችኝ። «ክሩን ቀይረው። አቧራውን ጥረጊው። እንዚራውን አትንካው። ፋሂም?»

ፋሂም ማለት ገባህ ወይ ማለት ነው። በአንድ ትንፋሽ ወንድ፣ ሴት፣ መልሳ ወንድ አደረገችኝ። እሱን እንኳ ሰርግ ያለባት ልጅ ናት ብዬ ዋጥኩት። እንዚራ የሚለውን ግን መዋጥ አልቻልኩም።

«እንዝርት ለማለት ነው» አልኳት።

«ላ፣ እንዚራ ነው ያለው።»

«እንዚራ የሚባል አማርኛ የለም፣ ሳራዬ። እንዝርት ነው። ሴቶች ጥጥ የሚፈትሉበት፣ ክሩ የሚጠቀለልበት እንጨት።» በደንብ እንዲገባት አየር ላይ በጣቴ ፈተልኩላት።

ስፈትል አየችኝ። «እኛ ቤት ጥጥ የለም» አለች።

«ስለ ጊታሩ ነው የሚያወሩት። ክር የሚጠቀለልበትን ነገር ማለታቸው ነው።»

«ታይብ» አለች፣ እሺ እንደማለት፣ ትከሻዋን ሰብቃ። «አንተ የተማርሽ ነሽ።»

ሳራ ከሄደች በኋላ በራሴ በጣም ረካሁ። ቤዝ ጊታር አናቱ ላይ ክሩ የሚጠመጠምባቸው አራት መቃኛዎች አሉት። ክር የሚጠመጠምበት ነገር እንዝርት ካልተባለ ምን ሊባል? እንዴት ያለ ሰው ናቸው አልኩ፤ የፈረንጅ መሣሪያን በእንዝርት የሚጠራ ሰው ከዚህ ትውልድ አይወጣም።

ችግሩ የመጣው ሥራውን ስጀምር ነው። ክር ለመቀየር መቃኛውን ማዞር ግድ ነው። ክሩን ቀይር፣ ክሩ የሚጠመጠምበትን ግን አትንካ ማለት ሻዩን ጠጣ፣ ብርጭቆውን አትንካ እንደማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ ምናልባት ቃሉን የሳትኩት እኔ እሆን ይል ነበር። እኔ አላልኩም። የተማረ ሰው ሲሳሳት ስህተቱን የሚደግፍ ምክንያት አያጣም። ጋሽ ይመር የቆየ ሙዚቀኛ ናቸው፤ የእጅ ላብ ብረት እንደሚያዝግ ያውቃሉ፤ በካርቱም ሙቀት ደግሞ የሰው መዳፍ ከጨው ማሰሮ አይሻልም። ስለዚህ በባዶ እጅህ አትንካ ማለታቸው ነው አልኩ። ንጹሕ ካልሲ ፈልጌ ሁለት እጄ ላይ አጠለቅኩ።

ካልሲ አጥልቃችሁ የቤዝ ክር ጠምጥማችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ካላደረጋችሁት ይቅርባችሁ። ክሩ ያመልጣል፣ ተመልሶ ይገርፋል፣ የተረፈው ጫፍ ካልሲውን ይወጋና አብሮ ይጠመጠማል። አንዱን ክር ሰክቼ ሳበቃ የካልሲዬ አውራ ጣት መቃኛው ላይ ቀረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ተረት ያን ከሰዓት በኋላ እኔን ፍለጋ ዴም ድረስ መጥቶ ነበር። እንደምንም ብዬ አራቱንም ክር ሰካሁ፣ ቃኘሁ፣ የድምፅ ማጉያዬ ላይ ሰክቼ አንድ አንድ ጊዜ መታሁ። ሦስቱ ጥርት ብለው ጮኹ። አራተኛው፣ ወፍራሙ ክር፣ ዝዝዝዝዝ አለ።

ተመቸኝ። እውነቱን ልናገርና ተመቸኝ። ክር መቀየር ማንም ይችላል፤ የነዘረ ቤዝ አድኖ ለጋሽ ይመር መመለስ ግን ስም ያስጠራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ቤዝ ጊታር ሆዱ ላይ፣ ክሮቹ በሚያልቁበት ቦታ፣ አራት ትናንሽ ብረቶች አሉት፤ ለያንዳንዱ ክር አንድ አንድ። ክሩ ላያቸው ላይ ስለሚቀመጥ ፈረንጆቹ ኮርቻ ይሏቸዋል። በብሩጎላ፣ በባለ ስድስት ማዕዘኗ መፍቻ፣ ከፍና ዝቅ፣ በካቻቢቴ ወደፊትና ወደኋላ ይደረጋሉ። ሦስቱ ኮርቻዎች አናታቸው ላይ ክሩ የሚገባበት ቀጭን ቦይ አላቸው። አራተኛው ቦይ የለውም። አናቱ ተልጦ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ወደፊት ዘቅዘቅ ይላል፤ ክሩ ቦይ ውስጥ እንደመቀመጥ ሆዱን አንጥፎ ተኝቶበታል።

«እርጅና በላው» አልኩ።

ኮርቻውን በብሩጎላ ከፍ አደረግኩት፤ ነዘረ። ዝቅ አደረግኩት፤ ባሰበት። ስልኬን ከፍቼ አንድ ጢማም ፈረንጅ ስለዚሁ ሲያስረዳ አገኘሁ። ክር ጠፍጣፋ ብረት ላይ ከተኛ ይነዝራል፣ ጥርት ያለ ቦይ በትንሽ ሞረድ አውጡለት አለ። ቀጥሎ አንድ ነገር ሊል ጣቱን ሲያነሳ ኔትወርክ ተቋረጠ። በኋላ እንዳየሁት ሊል የነበረው «መጀመሪያ ግን ባለቤቱን ጠይቁ» ነው። እኔ ግን ትምህርቱ ያለቀ መስሎኝ ሞረድ ፍለጋ ወደ ሳጃና ሄድኩ።

ሳጃና ገበያ ብረት ነክ የሆነ ነገር ሁሉ አለ። ሞረድ በዓረብኛ ማብረድ ነው። ይህን ቃል አማርኛ ለለመደ አፍ ስጡትና እዩት። ከሙቀቱ ጋር ተዳምሮ እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ባለሱቁ ግን አዘነልኝና ማቀዝቀዣ ወደሚሸጥበት በኩል በእጁ ጠቆመኝ። በምልክት ሞረድኩለት። ገባው። ለምንድነው አለኝ። ለኮርቻ አልኩ፣ ኮርቻን በዓረብኛ በማወቄ እየኮራሁ፤ «ሰርጅ!» ፊቱ በራና ወደ ጓዳ ገብቶ ክንዴን የሚያህል ሻካራ ሞረድ ይዞልኝ መጣ። የአህያ ኮቴ መሞረጃ ነው። ጋሪ ነጂ መስዬዋለሁ። «ሑማርህ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ፣ አህያህ ማለቱ ነው፣ በቅንነት ጠየቀኝ። ሑማሩ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ባውቅ ዕድሜዬን እነግረው ነበር። በመጨረሻ የመጋዝ ጥርስ የሚሳልበት ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ሞረድ ይዤ ተመለስኩ።

መሞረድ ደስ የሚል ሥራ ነው። ትገፋለህ፣ ታነሳለህ፣ ትጠርጋለህ፣ ታያለህ። ብረቱ በጥቂት በጥቂቱ ይታዘዛል፤ ሰው እንዲህ አይታዘዝም። ቦዩ እየጠለቀ፣ እየሰላ መጣ። ክሩን መልሼ አስቀመጥኩና መታሁት። ዱም። ጥርት ያለ፣ ክብ፣ ንጹሕ ዱም። ዝዝታው የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄው ነው፤ ያኔ ግን ለራሴ ሻይ አዘዝኩ።

በማግሥቱ ቤዙን ይዤ በረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ በሚሉት፣ ወደ ጋሽ ይመር ቤት ሄድኩ። የሚኖሩት ሐጅ ዑስማን በሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ነው። ሐጁ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «ያ ፈናን» ብለው፣ አርቲስቱ እንደማለት፣ አሾፉብኝና አሳለፉኝ። ውስጥ የሰርግ ሽር ጉድ ነው። ሳራ እጅና እግሯ ላይ ሒና ተቀብታ፣ አንዳች ነገር እንዳትነካ ተፈርዶባት፣ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጋሽ ይመር ቤዙን ተቀብለው ዳበሱት፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ በአውራ ጣታቸው ወፍራሙን ክር መቱት።

ዱም።

ጠበቁ። ደግመው መቱት። ጆሯቸውን ወደ እንጨቱ ዝቅ አድርገው ለሦስተኛ ጊዜ መቱት።

«ሌላው የት ሄደ?» አሉኝ።

«ምኑ፣ ጋሽ ይመር?»

«ድምፁ።»

«ዝዝታው? እሱንማ ነቅዬ ጣልኩልዎት» አልኩና ምስጋናውን ለመቀበል ጎንበስ አልኩ።

ምስጋና አልመጣም። ሳራ እጇን እንደዘረጋች አባቷን ታያለች። «እንዚራውን ነካኸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ኧረ በካልሲ ነው የነካሁት!»

ካልሲውን ሳስረዳ፣ እንዝርቱን ሳስረዳ፣ ሳራን እንዴት እንዳረምኳት ሳስረዳ ጋሽ ይመር አላቋረጡኝም። ሰው ሲያቋርጣችሁ ጥሩ ነው፤ ንግግራችሁን ራሳችሁ እስከ መጨረሻው ስትሰሙት ግን ከባድ ነው። ስጨርስ እሳቸው ጀመሩ።

«እንዚራ የቆዳ ቁራጭ ናት» አሉኝ። «በገና ላይ፣ ከክሩ ሥር ትገባለች። በገና እንደዚያ እየነዘረ የሚያንጎራጉረው በሷ ነው። እሷ ከሌለች ይጮኻል እንጂ አይጸልይም። አባቴ በገና ደርዳሪ ነበር። እንዚራውን ሲያስተካክል ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ምሳ ይቀመጥ ነበር፤ እኔ አጠገቡ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

የአባታቸውን ሞት የሰሙት ካርቱም ሆነው ነው። ከመተማ በኩል የመጣ አንድ ሰው፣ የሚያውቁ መስሎት፣ ሻይ እየጠጣ ነገራቸው። አርባው እንኳ አልፎ ነበር።

«ያኔ እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ መንገደኛ ነው» አሉኝ። «ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ማን ለቅሶ ይቀመጥልኛል? ማንስ እግዜር ያጥናህ ይለኛል? ያን ሐሙስ ደግሞ ሰርግ ነበረን። ሄጄ ተጫወትኩ። ከዚያ በኋላ ነው ያንን ብረት መሞረድ የጀመርኩት። በቆዳ ሞክሬ ነበር፣ የቤዝ ክር ቆዳውን ይበላዋል። ብረቱን ራሱን እንዚራ አደረግኩት። ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለህ።»

አፈርኩ። ላያቸው አልቻልኩም።

«ሰርጉ ላይ ከሳራ እናት ወገን ዘመድ ሞልቷል» አሉ። «ከኔ ወገን የሚቀመጥ የለም። አባቴን ላስቀምጠው ብዬ ነበር።»

ሳራ ያን ቀን ለምን እንዳልተቆጣችኝ እስካሁን ይገርመኛል። በገና አይታ የማታውቅ፣ ወሎን በስም ብቻ የምታውቅ ልጅ ናት። ቃሉ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ግን አባቷ እንደሰጣት፣ ሞልቶ የተሰጣትን ውሃ እንደሚይዝ ሰው፣ ሳታፈስ እኔ በር ድረስ አደረሰችው። ያፈሰስኩት ሰዋስው የማውቀው እኔ ነኝ።

የተሞረደ ብረት አይበቅልም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እኔ ያወጣሁት ቦይ እስኪጠፋ ዙሪያውን ዝቅ አድርጎ መሞረድ፣ አናቱን እንደገና ማጠፍጠፍ፣ የጎደለውን ከፍታ በብሩጎላ ማንሳት። ጋሽ ይመር ዓይናቸው ስለማይረዳቸው ልሞርድ የምችለው እኔ ነኝ። እሳቸው ይሰማሉ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሞርጄ ክሩን እመልሳለሁ፣ እሳቸው ይመቱታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ክሩን አላልቼ እንደገና እሞርዳለሁ። የሳራ እናት ከማጀት ብቅ ብላ «ሙሽራ ባለችበት ቤት ብረት ትፍቃላችሁ?» ብላ ተቆጥታ ተመለሰች።

ዝዝታው ተመለሰ። ተመለሰ ስል የሆነ ዝዝታ ተመለሰ ማለቴ ነው። ጋሽ ይመር መቱት፣ መቱት፣ ከዚያ እጃቸውን ክሩ ላይ አሳረፉ።

«ምነው? ልጨምር?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። «የአባቴን ድምፅ እኮ አላስታውሰውም። ይሄን ብረት ስሰማ ኖሬ እሱን የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ብረቱ ሲጠፋ እሱም አብሮ ጠፋብኝ። ልክ ነው፣ ልክ አይደለም የምልህ ከምን ጋር አስተያይቼ ነው?»

ሞረዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ግድግዳ ስቀባ የድሮውን ቀለም ፍቄ እጥላለሁ፤ ከሥሩ ምን ነበረ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሞተበትን ሰው በምን እንደሚይዘው አይታወቅም። አንዱ ፎቶ ይይዛል፣ አንዱ ጋቢ ይይዛል፤ ጋሽ ይመር የጥፍር ያህል ብረት ይዘው ኖረዋል። የያዙት እንደሆነ እንኳ ከላይ አይታይም።

«እኔ ነው የማውቀው» አለች ሳራ።

ሁለታችንም ዞርን። የተዘረጋ እጇን እንደያዘች ተነስታ መጥታ አጠገባችን በጥንቃቄ ተቀመጠች። «በልጅነቴ ከጊታሩ ሥር ነው የተኛሁት» አለች። «አባቴ፣ አንተ ምታ። አንተ ደግሞ ሞርጂ።»

ከዚያ በኋላ ፈራጇ እሷ ሆነች። እኔ ሞረድኩ፣ ጋሽ ይመር መቱ። «ይሄ ዝንብ ነው» አለች። ሞረድኩ። «ይሄ ሙከይፍ ነው፣ የሐጅ ዑስማን ሙከይፍ።» አየር ማቀዝቀዣውን ማለቷ ነው፤ ብሩጎላውን ሩብ ዞር አደረግኩት። «አሁን ረክሻ ሆነ፣ ሁላችሁም ረክሻ ሆናችሁ።» አናቱን በጣም በቀስታ፣ እየነፋሁ፣ እየዳበስኩ አለሰለስኩት። ጋሽ ይመር መቱት።

ሳራ ዓይኗን ጨፍናለች። ድምፁ ከክሩ ተነስቶ እንደመጥፋት ሲል ይመለሳል፣ እያንጎራጎረ ይቆያል። ጋሽ ይመር ደግመው መቱት።

«ኸላስ» አለች በመጨረሻ። በቃ ማለቷ ነው።

«ያው ነው?» አልኳት።

አሰበችበት። «ያው አይደለም» አለች። «ዘመዱ ነው።»

የሚታረም ቃል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

ሐሙስ ደረሰ። ሰርጉ እዚያው ሐጅ ዑስማን ግቢ ነበር፤ ወንበሩ ተደርድሮ፣ አሸዋው ላይ ውሃ ተርከፍክፎ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ይመር አዲስ ጀለቢያ ለብሰው፣ መስቀላቸውን ከላይ አድርገው ቤዛቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ማጉያው አጠገብ ቆሜያለሁ። ዘፈኑ ቆመ። ወፍራሙን ክር መቱት።

ዝዝታው ግቢውን ሞላው። በመጀመሪያ የሮጠው ድምፅ ማጉያውን ያከራየን ሰውዬ ነው። «ሰማዓው፣ ስፒከሩ፣ ባይዝ ሆነ፣ ተበላሸ!» እያለ ገመድ ሊነቅል ሲያጎነብስ ክንዱን ያዝኩት።

«ተወው፣ አልተበላሸም። እንዲህ እንዲሆን ነው የሞረድኩት።»

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ» አልኩት። እንደ እብድ አየኝና ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይቸኩሉ ተጫወቱ። የሚዘፈን ነገር አልነበረም፤ የሚጨፈርበትም አልነበረም። ሐበሻው ጭብጨባውን የት እንደሚጀምር ጠፍቶት ዝም ብሎ ይሰማል። ሱዳኖቹ ጎረቤቶች ደግሞ ለሽማግሌው ተጨንቀው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሲጨርሱ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሐጅ ዑስማን ከወንበራቸው ተነስተው ቀረቡና ጎንበስ ብለው ጠየቋቸው።

«ያ ይመር፣ አሶት ዳ ማሉ?» ይሄ ድምፅ ምን ሆኖ ነው ማለታቸው ነው።

ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩአቸው። ስለ ጊታሩ ብዙ ሊያስረዱ ይችሉ ነበር፤ ስለ ኮርቻው፣ ስለ በገናው፣ ስለኔም።

«ዳ አቡይ» አሉ። ይሄ አባቴ ነው።

ሐጅ ዑስማን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ቆዩ። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉና «አልፋትሓ» አሉ። በዚህ አገር ሐዘንተኛ ፊት የሚደረገው ይሄ ነው። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። ከነሱ ኋላ ያሉት ማን እንደሞተ ሳያውቁ ዘረጉ። ድምፅ ማጉያ ያከራየን ሰውዬም ገመዱን ብብቱ ሥር ይዞ ዘረጋ። ሐበሻው ግራ ተጋብቶ ቆመና አማተበ። ጋሽ ይመር ቤዙን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ እጃቸውን ከፈቱ።

ሐጁ እጃቸውን ጨበጧቸው። «አልበረካ ፊኩም» አሉ፤ በረከቱ በቀራችሁት ይሁን እንደማለት ነው። ቀጣዩ ሰው ጨበጠ፣ ቀጣዩም። ወረፋ ሆነ። ሐበሻው ተራው ሲደርስ «እግዜር ያጥናዎት ጋሽ ይመር» ይላል፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ «አሜን» ይላሉ። ሳራ የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ ከመቀመጫዋ ወርዳ መጣችና አባቷ አጠገብ ቆማ የሚመጣውን ሰው እጅ ትጨብጥ ጀመር።

ከሪያድ ሰፈር፣ ከምትሠራበት ቤት አስፈቅዳ የመጣች አንዲት የወሎ ልጅ ዘግይታ ገባች። ስጦታዋን እንደያዘች ሰልፉን አይታ ደነገጠች፣ ሻሿንም አስተካከለች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የጋሽ ይመር አባት።»

«ውይ! መቼ?»

«ዛሬ» አልኳትና ወረፋው ላይ ቆምኩ።